መጠጥና ምግብ በአንድ ካርድ ላይ

ሱስንና የአመጋገብ መዛባትን አንድ ላይ የሚያክም የግል የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይታወቃል። "መጠጥ አስቸገረኝ" ብሎ የመጣ ሰው ስለ ምግብ ካልጠየቁት አያነሣውም። ማስመለስ ያስቸገራትም ስለ መጠጥ ካልጠየቋት ዝም ትላለች። ለአንዱ የታዘዘ መድኃኒት ሌላውን ሲያባብስ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ዝምታ ነው።

ለማጣሪያ የሚሆኑ ቅጾች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት (AUDIT) የተባለ ቅጽ ስለ መጠጥ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ነጥቡ 8 ከደረሰ ጠለቅ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለምግብ ስኮፍ (SCOFF) የተባለ ቅጽ አለ፤ ከ5 ጥያቄዎች ለ2ቱ "አዎ" ከተባለ እንዲሁ። ሁለቱ ችግሮች የሚገናኙበትን ቦታ ግን አንዱም ቅጽ አይነካውም፤ እሱን በቃል መጠየቅ ነው። ማታ ለመጠጣት ሲሉ ቀን ምግብ ይዘላሉ? ከጠጡ በኋላ ሆን ብለው ያስመልሳሉ? ለክብደት ብለው የሚወስዱት ክኒን አለ? የሚያስቀምጥ መድኃኒትስ በአንድ ጊዜ ስንት ፍሬ ይወስዳሉ? "ይወስዳሉ ወይ?" ሲባል "አይ" ማለት ይቀላል። "ስንት ፍሬ?" ሲባል ግን ቁጥሩን መናገር ይቀላል።

ክብደት የሚለካው ሽንት ከተሸና በኋላ፣ ያለ ጫማ፣ በስስ ጋውን ነው። ውሃ ጠጥቶ ሚዛን ላይ መውጣት የተለመደ ዘዴ ስለሆነ የሽንቱን ጥግግት አብሮ ማየት ይጠቅማል፤ 1.005 አካባቢ ከሆነ ሽንቱ በውሃ ቀጥኗልና የዚያን ቀን ክብደት አለማመን ነው። ቁጥሩን ማየት የሚያስጨንቀው ሰው ጀርባውን ለሚዛኑ መነበቢያ ሰጥቶ ይቁም። ቀጥሎ 5 ደቂቃ አስተኝቶ የልብ ምትና የደም ግፊት መለካት፣ አስነሥቶ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ መድገም። የላይኛው ግፊት በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ወይም በዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ40 በታች ከሆነ (ለአዳጊዎች ቀን ላይ ከ50 በታች) ቦታው ሆስፒታል ነው፤ በግል ክሊኒክ የሚያዝ አይደለም።

የላብራቶሪው ነገር ሰፋ ያለ ነው። የሚያስመልስ ሰው ክብደቱ ምንም ሳይጎድል ፖታሲየሙ ልብን ወደሚያሰጋ ደረጃ ሊወርድ ይችላል፤ "ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል" ተብሎ ምርመራው የሚታለፈውም እሱ ነው። ስለዚህ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፎስፌት፣ ስኳር፣ ጉበትና ኩላሊት፣ ከኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ጋር። ፖታሲየም እየተሰጠው አልነሣ ያለ ታካሚ ሲያጋጥም መጠኑን ከመጨመር በፊት ማግኒዚየሙን ማየት ነው። ማግኒዚየም ሲጎድል ኩላሊት ፖታሲየምን ይዞ ማቆየት ያቅተውና በሽንት ያስወጣዋል። ማግኒዚየም ደግሞ ብዙ በሚጠጣም፣ በተደጋጋሚ በሚያስቀምጠውም ሰው ላይ ይጎድላል።

ከመድኃኒቶቹ በጣም የሚያሰጋው ቡፕሮፒዮን ነው። ለድብርትም ሲጋራ ለማስተው ይታዘዛል፤ ክብደት ስለማይጨምርም ታካሚው ራሱ ይጠይቀዋል። ግን ቡሊሚያ (በብዛት በልቶ ማስመለስ) ወይም አኖሬክሲያ (ክብደትን ፈርቶ ራስን ማስራብ) ላለበት ወይም ለነበረበት ሰው ክልክል ነው፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላልና። መጠጥን በድንገት ላቆመ ሰውም ክልክል ነው። ቶፒራሜት የመጠጥ ፍላጎትን ስለሚቀንስ ጥሩ ምርጫ ሊመስል ይችላል፣ የምግብ ፍላጎትንም ስለሚዘጋ ግን ከሲታ ለሆነ ሰው አይመችም። ናልትሬክሶን በቀን 50 ሚሊ ግራም ለመጠጥ ጥሩ ነው። ከመጀመሩ በፊት ኮዴይንን ጨምሮ ማንኛውም የኦፒዮይድ (የሞርፊን ዓይነት) ማስታገሻ ከ7 እስከ 10 ቀን መቆሙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ፍሉኦክሴቲን ለቡሊሚያ የሚሠራበት መጠን 60 ሚሊ ግራም ነው፤ ለድብርት በለመድነው 20 ጀምሮ "አልሠራም" ብሎ መተው የተለመደ ስህተት ነው።

መጠጥ ማቆም የራሱ ሰዓት አለው። መንቀጥቀጡና ላቡ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ ይጀምራሉ፣ መውደቅ ካለ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፣ የመቃዠቱ ደረጃ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ይመጣል። ከዚህ በፊት መጠጥ ሲያቆም ጥሎት ወይም ቃዥቶ የሚያውቅ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ እቤት አብሮት የሚያድር ሰው የሌለው በተመላላሽ አይጀምርም። ሳይበላ የከረመ ጠጪ ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) በመርፌ ያስፈልገዋል፣ አንጀቱ በአፍ የተሰጠውን በደንብ አይቀበልምና። ግሉኮስ የሚሰጠው ከሆነ ታያሚኑ ይቅደም።

ከሲታ ሰው መጠጥ ሲያቆም ቤተሰብ ደስ ብሎት "ብላ፣ ብላ" ይለዋል። እዚህ ላይ ሌላ አደጋ አለ። ከረጅም ረሃብ በኋላ ምግብ በብዛት ሲገባ ኢንሱሊን ይነሣና ፎስፌትን፣ ፖታሲየምንና ማግኒዚየምን ከደም ወደ ሴል ይስባል። ፎስፌቱ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ሊያሽቆለቁል ይችላል፤ ያኔ እግር ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ግራ መጋባት ይታያሉ። የሰውነት መጠን ኢንዴክሱ (ክብደት በኪሎ፣ ለቁመት በሜትር ካሬ ተካፍሎ) ከ16 በታች የሆነ፣ ወይም ከ10 ቀን በላይ ምግብ ያልቀመሰ ሰው ከፍተኛ ተጋላጭ ነው። የመጠጥ ታሪክ ራሱ ለዚህ አደጋ ከሚቆጠሩት ምክንያቶች አንዱ ነው። ጥንቃቄ የበዛበት አጀማመር በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 10 ኪሎ ካሎሪ ነው። ከዚያ ከፍ አድርገው የሚጀምሩ ማዕከላት አሉ፤ እነሱ ግን ደሙን በየቀኑ ይለካሉ። በየቀኑ መለካት የማይችል የግል ክሊኒክ እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ሆስፒታል ይላከው።

በተመላላሽ መጠጥ የሚያቆመውን በተመለከተ፣ ዲያዜፓምን (የማቆሙን መንቀጥቀጥና መውደቅ የሚከላከል መድኃኒት) ለሳምንት ጠቅልሎ መስጠት አይገባም። የ1 ወይም የ2 ቀን ብቻ ይሰጠው፣ ክኒኑን አብሮት የሚያድረው ሰው ይያዘው፣ የሚቀጥለው የሚሰጠው ታካሚው በአካል መጥቶ ሲታይ ነው። ጉበቱ ለተጎዳ ሰው ሎራዜፓም ይሻላል፣ ዲያዜፓም በሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማልና።