በነፃ ላርም ፊንላንድ ሄድኩ

«አባትሽ ከሞፈርና ከቀንበር አምልጦ አዲስ አበባ የገባው አንቺ ለፈረንጅ በነፃ እንድታርሚ ነው?» አለችኝ እናቴ በስልክ። መልስ አልነበረኝም። ስቶክሆልም ያሉት ጓደኞቼም ከእሷ አልተሻሉም። የበጋ ፈቃድ ያገኘ ሰው ወይ ግሪክ ይሄዳል፣ ወይ አገር ቤት ይገባል። እኔ ግን ብርዱን ሁሉ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተራ ስሠራ ከርሜ ሰው የማይበዛበት ቦታ አማረኝ። ኪሴም ከግሪክ ጋር አልተስማማም።

ዉፍ የሚባል ነገር አለ። ሱ ኮፓርድ የምትባል ለንደን ውስጥ በቢሮ ጸሐፊነት የምትሠራ ሴት እ.ኤ.አ. በ1971 የጀመረችው ነው። ከተማ ሰልችቷት ቅዳሜና እሁድ ገጠር ወጥታ መሥራት ፈለገች፤ ሐሳቧ ተዛመተና ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ውሉ ቀላል ነው። ያለ ኬሚካል የሚያመርቱ ገበሬዎች ጋ ትሄዳለህ፣ ግማሽ ቀን ትሠራለህ፣ እነሱ ያበሉሃል፣ ያስተኙሃል። ደሞዝ የለም፣ ኪራይም የለም። የስዊድን መኖሪያ ፈቃድ ስላለኝ ድንበር ላይ ማንም አልጠየቀኝም። ከአገር ቤት ለሚመጣ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በነፃም ቢሆን ሥራ ሥራ ነው፤ ኤምባሲ ሳይጠይቁ መነሳት አያዋጣም።

ከስቶክሆልም ወደ ቱርኩ የሚሄደው የሌሊት መርከብ ርካሽ ነው። ለምን ርካሽ እንደሆነ የገባኝ ክፍሌን ሳገኝ ነው። ከመኪናዎቹ ማቆሚያ በታች ነው፣ መስኮት የለውም፣ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። መርከቡ በሌሊት ኦላንድ ደሴቶች ላይ ቆም ይላል። ደሴቶቹ ከአውሮፓ ኅብረት የግብር ክልል ውጭ ናቸውና እዚያ ስለሚቆም መጠጥ ከቀረጥ ነፃ ይሸጣል። መጠጥ ከቀረጥ ነፃ ስለሚሸጥ ደግሞ የተሳፋሪው ግማሽ ለመጠጡ ሲል የመጣ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ካራኦኬው ሲያበቃ ጎረቤቶቼ የራሳቸውን ክፍል ፍለጋ የእኔን በር መደብደብ ጀመሩ። አንደኛው ስከፍት ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ትንሽ ቆይቶ መልሶ ደበደበ። ሲነጋ እንቅልፍ አጥቼ ወደ ላይ ብወጣ ባሕሩ በትንንሽ ደሴቶች ተሞልቷል፤ በየደሴቱ ላይ አንድ ቀይ የእንጨት ቤት። ንዴቴ በረደ።

ከቱርኩ ሄልሲንኪ፣ ከሄልሲንኪ ዮኤንሱ፣ ሁሉም በባቡር። ጫካ፣ ሐይቅ፣ ጫካ። ተኛሁ።

ከዮኤንሱ የያዝኩት አውቶቡስ ያወረደኝ ቦታ ከእርሻው ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሊቀበሉኝ ቃል ገብተው ነበር፤ ያጨዱት ሣር ዝናብ ሳይደርስበት መነሳት ስላለበት «ታክሲ ያዢ» የሚል መልእክት ላኩልኝ። 64 ዩሮ! ፊንላንድ በ2018 እ.ኤ.አ. የታክሲ ዋጋ ላይ የነበረውን ጣሪያ አንስታለች። ከዚያ ወዲህ ሳይሳፈሩ ዋጋ መጠየቅ የተሳፋሪው ፋንታ ነው። ጠይቄያለሁ እኮ! «በቆጣሪው ነው» አለኝ። ቆጣሪው ግን ከመኪናው ይፈጥን ነበር። ገና አንድ አረም ሳልነቅል ስልሳ አራት ዩሮ ከስሬ እርሻው ደረስኩ።

ቦታው ሰሜን ካሬሊያ ነው፣ ፒኤሊነን ከሚባለው ትልቅ ሐይቅ ብዙም አይርቅም። ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች፣ የባልየው አባትና እናት፣ አንድ ሰነፍ ውሻ። ያስተኙኝ ከዋናው ቤት ፈንጠር ብላ በግንድ የተሠራች ጎጆ ውስጥ ነው፤ ድሮ እህል ይቀመጥባት ነበር አሉ። አልጋው ንጹሕ፣ አንሶላው ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ችግሩ መስኮቱ ነው። በሰኔ ማለቂያ እዚያ አገር ፀሐይ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ትጠልቅና ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትመለሳለች። በመሀል ያለውም ጨለማ አይባልም፣ ጋዜጣ ይነበብበታል። መጋረጃ የለም። የሌሊት ሠራተኛ ነኝና በቀን መተኛት እችላለሁ ብዬ ነበር፤ ቀኑ ሃያ አራት ሰዓት ሲሆን ግን ሰውነት ግራ ይገባዋል። ነጠላዬን አጥፌ መስኮቱ ላይ በምስማር አንጠለጠልኩ። ብርሃኑ ቀነስ ሲል ቢምቢው መጣ። አንዷ ጆሮዬ ሥር፣ ሌላዋ ቅንድቤ ላይ። ብርድ ልብሱን ስከናነብ ይሞቀኛል፣ ስገልጥ እበላለሁ። ጠዋት ባልየው ፊቴን አይቶ «የእኛ ቢምቢ ወባ የለባትም» አለኝ። ማጽናናቱ ነበር።

ቀን ላይ ለዳቦ ወደ መንደሩ ሱቅ ስንሄድ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ፊቴን አየችና ቆመች። ምንም አላለችኝም። እጄን ይዛ ወደ መደርደሪያው ወሰደችኝ፣ ከተደረደሩት የቢምቢ መከላከያዎች አራቱን በጣቷ እያራገፈች አምስተኛውን አነሳችና እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ወተቷን ይዛ ሄደች። መድኃኒቱ ሠራ። ስዊድን ውስጥ ዓመታት ስኖር በገበያ መሀል እንዲህ እጄን የያዘኝ ሰው አላስታውስም።

ሥራው ካሮት ማረም ነው። አረም ሲባል ሰው መኮትኮቻ ይዞ ቆሞ የሚሠራው ይመስለዋል። የካሮት ቡቃያ ግን ገና ሲወጣ ከፀጉር አይወፍርም። ከመብቀሉ በፊት አረሙን በጋዝ እሳት ይለበልቡታል፤ እሳቱ አፈሩን ሳይነካ ላይ ላዩን ያልፋል። ከበቀለ በኋላ ያለው መሣሪያ ጣት ብቻ ነው። በአንድ እጅ ካሮቱ ሥር አፈሩን ጫን ታደርጋለህ፣ በሌላው አረሙን በሁለት ጣት ይዘህ ቀስ ብለህ ትስባለህ። ጫን ካላደረግህ ካሮቱም አብሮ ይወጣል። ጉልበታችን ሥር የአሮጌ ፍራሽ ቁራጭ እናደርጋለን። አንድ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመጨረስ ግማሽ ጠዋት ይፈጃል፤ ቀና ብለህ ስታይ ሌላ መስመር አለ። በጣም ያስመረረኝ ሰርዶ የሚመስል፣ ሥሩ መሬት ለመሬት የሚሮጥ ሣር ነው። በጥሰህ ካስቀረህበት ከቁራጩ መልሶ ይበቅላል። አጠገቤ አንድ ጃፓናዊ ተማሪ ያርማል፤ አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁትም። ይህም ያናድደኝ ጀመር።

መድኃኒት ቢረጩ በአንድ ሰዓት ያልቅ ነበር። አይረጩም። ማዳበሪያም ከከረጢት አያወጡም፤ በየተራ ማሳውን ማገጥ ይዘሩበትና ናይትሮጅኑን ከአየር እንዲስብላቸው ይተዉታል፣ ቀሪውን ከከብቶቹ ፍግ ያገኙታል። ተቆጣጣሪ በየዓመቱ ይመጣል። የዘሩን ደረሰኝ፣ የሸጡትን፣ የገዙትን ሁሉ ያያል። አንድ ማሳ የተፈጥሮ ግብርና ምልክት ለማግኘት ቢያንስ ሁለት ዓመት በደንቡ መታረስ አለበት፤ በእነዚያ ዓመታት ልፋቱ የተፈጥሮ፣ ዋጋው የተራ ምርት ነው። ይህንን ሁሉ የነገረችኝ የቤቱ እመቤት ናት፣ ወረቀት የሞላ ክላሰር እያሳየች። ከብቶቹ ቆንጆ ናቸው። ቀንድ የላቸውም፤ ጎናቸው ቀይ፣ ጀርባቸው ነጭ፣ ቀለም የተደፋባቸው ይመስላሉ። የምሥራቅ ፊንላንድ ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ብዙ ወተት ስለማይሰጥ ገበሬው ትቶት።

እኔ ሒሳብ የማሰላ ሰው ነኝ፣ አልደብቅም። እያረምኩ የሌሊት ተራዬን የሰዓት ክፍያ በሰዓቱ አባዝቼ፣ ምግቡንና አልጋውን ቀንሼ፣ ታክሲውን ደምሬ አሰላ ነበር። ማን ተጠቀመ? ጥያቄው ዝም ብሎ የመጣብኝ አይደለም። ፊንላንድ ጫካ ውስጥ የሚበቅለውን ብሉቤሪና ሊንጎንቤሪ ማንም ሰው፣ የውጭ ዜጋም ቢሆን፣ የመሬቱን ባለቤት ሳያስፈቅድ መልቀም ይችላል። ኩባንያዎች ደግሞ ለዚሁ ሥራ በየዓመቱ ከታይላንድ ብዙ ሺህ ሰው ሲያስመጡ ኖረዋል። ተበዘበዝን ያሉ ለቃሚዎች ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሷል። በነፃ የሚሠራ በጎ ፈቃደኛ ስታይ ይህ ትዝ ማለቱ አይቀርም።

እመቤቲቱን በቀጥታ ጠየቅኋት። እነሱ ጋ ዙሪያ ጥምጥም ብትሄድ አይገባቸውም። «ደሞዝ ከፍዬ ካሮት ባሳርም ካሮቱን ማንም አይገዛውም» አለችኝ። ባሏ በክረምት የበረዶ መጥረጊያ መኪና ይነዳል፣ እሷ በሳምንት ጥቂት ቀን ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ከአውሮፓ ኅብረት የሚመጣው ድጎማ ባይኖር እርሻው አይቆምም። «በቀን ከአምስት ሰዓት በላይ ከሠራሽ ንገሪኝ፣ ያ ትክክል አይደለም» ብላ ጨመረች። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ሲሞላ ራሷ መጥታ ታስነሳን ነበር። ሒሳቤን ግን አላቆምኩም።

ቡናን በተመለከተ፣ ጀበና አልያዝኩም። አበሻ በሄደበት ሁሉ ቡና እንዲያፈላ የተፈረደበት ይመስል ሰው ይጠብቀዋል፤ እኔ እረፍት ላይ ነኝ። ፊንላንዶች በነፍስ ወከፍ ቡና ከሚጠጡት የዓለም ሕዝቦች ፊተኞቹ ናቸው። የሚጠጡት ግን እሳት በቅጡ ያላየ፣ ገርጣ ያለ ቡና ነው፤ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ሲሞቅ ይውላል። ጠዋት ይጠጣሉ፣ ከሥራ መሀል ይጠጣሉ፣ ከምሳ በኋላ ይጠጣሉ፣ ማታም። ሄል ያለበት ዳቦ ይቀርባል፤ እሱ ጥሩ ነው፣ ብዙ በላሁ።

በዚያ ቡና ላይ ነው አያትየው የተናገሩት። እስከዚያ ድረስ ጠዋት ራሳቸውን ከመነቅነቅ ሌላ ቃል አላወጡልኝም ነበር፤ ጠልተውኛል ብዬ ደምድሜያለሁ። ድንገት «ይፍተር» አሉ። አልገባኝም። «ሞስኮ» ሲሉ ገባኝ። ምሩጽ ይፍጠር! የጨው ዕቃውን አነሱና ጠረጴዛው መሀል አቆሙት፤ እሱ የእነሱ ሯጭ ካርሎ ማኒንካ ነው። ስኳሩ መሐመድ ከድር። የእኔን ስኒ ወሰዱና ምሩጽ አደረጉት። እ.ኤ.አ. የ1980 ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ፣ 300 ሜትር ሲቀር ስኒዬ ተፈናጠረች። ቡናው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ማንም ግድ አላለውም። ማኒንካ ሁለተኛ፣ መሐመድ ሦስተኛ። እመቤቲቱ እያስተረጎመችልን ተከራከርን። እሳቸው የአገራቸው ሯጭ ላሴ ቪሬን ይበልጣል አሉ፤ በ1972ም በ1976ም ሁለት ሁለት ወርቅ ወስዷል። እኔ ደግሞ በ1976 እኮ ኢትዮጵያ ሞንትሪያል አልነበረችም፣ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ጋር አድማ ላይ ነበረች አልኳቸው። ብዙ አሰቡ። «በ1972 ግን ነበራችሁ» አሉ በመጨረሻ። እውነት ነው፤ ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ቪሬን አንደኛ፣ ምሩጽ ሦስተኛ ነበር። የአምስት ሺሁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምሩጽ ሰዓት አልፎበት ሳይሮጥ ነው የቀረው፤ እሱን አንስቼ ምሽቱን ሙሉ አልለቀቅኋቸውም።

ቅዳሜ ሳውና አለ። አምስት ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ባለበት አገር ሦስት ሚሊዮን ያህል ሳውና አለ ይባላል፤ ዩኔስኮም የሳውና ባህላቸውን እ.ኤ.አ. በ2020 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። የእነሱ ሐይቁ ዳር ናት፣ በእንጨት የምትነድ። ሴቶች መጀመሪያ ገባን፤ እኔ፣ እመቤቲቱና አማቷ። ራቁት ነው የሚገባው። እኔ የዋና ልብሴን አላወልቅም አልኩ። አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አየችኝና የበርች ቅጠል እስር ሰጠችኝ፤ በሱ ትከሻና ጀርባን ይመቱበታል። ድንጋዩ ላይ ውኃ ሲደፋ እንፋሎቱ መጀመሪያ ጆሮን ነው የሚያቃጥለው። የካሮት ማሳ ላይ የተቆለፈው ወገቤ እዚያ ተፈታ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ታዲያ ወሻባ ነዋ! ይህንን ፍለጋ እስከዚያ ድረስ?» አለችኝ።

የበጋ አጋማሽ በዓላቸውን ሐይቁ ዳር ትልቅ እሳት አንድደው አከበሩ። አዲስ ድንች በእንስላል፣ ዓሣ፣ ቢራ። ባንዲራቸው በዚያች ሌሊት አይወርድም። ዝናብ ስለነበር ቶሎ ተኛሁ።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ቦት ጫማ ከእነሱ ይገኛል፣ አትሸከሙ። የዓይን መሸፈኛ ያዙ። ታክሲ የሚያስፈልግ ከሆነ ማን እንደሚከፍል ቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። በርበሬ ይዛችሁ ሂዱ፤ ምግቡ ብዙና ጥሩ ነው፣ ቅመሙ ግን ጨውና እንስላል ብቻ ነው።

ስነሳ ባልየው እስከ ዮኤንሱ ራሱ አደረሰኝ። እመቤቲቱ በሩ ላይ ቆማ በክረምት እንድመጣ ጠየቀችኝ፤ በጥር ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ ከብቶቹን የሚያግዝ ሰው ያስፈልጋታል። «አልመጣም» አልኳት። «እሺ» አለች፤ ቅር የተሰኘችም አትመስልም።