ፓርክ ፒርሎን ሲከተል ምን እየሠራ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ2010 ማንችስተር ዩናይትድ ኤሲ ሚላንን በድምር ውጤት 7 ለ 2 አሸንፎ ከሻምፒዮንስ ሊጉ ሲያሰናብት የሁሉም አፍ ላይ የነበረው ዌይን ሩኒ ነው። በሚላን ሜዳ ሳን ሲሮ ላይ ሁለት፣ በዩናይትድ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ሁለት አስቆጥሯል፤ ይገባዋል። ጨዋታዎቹን ደግማችሁ ካያችሁ ግን ዓይናችሁን ከሩኒ አንሡና የቡድን ጓደኛው ፓርክ ጂ ሱንግ ላይ አሳርፉ።

ፓርክ የመስመር ተጫዋች ነበር። አሰልጣኙ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ግን ወደ መሀል አምጥተው አንድ ሥራ ሰጡት፤ የሚላኑ አማካይ አንድሪያ ፒርሎ ተረጋግቶ ኳስ እንዳያከፋፍል ማድረግ። ሲነገር ቀላል ነው። ሰው መያዝ ግን ከኋላው ተለጥፎ መሮጥ ብቻ አይደለም። የተጋጣሚው የመሀል ተከላካይ ኳስ ሲይዝ ያዡ (ሰው እንዲይዝ የታዘዘው ተጫዋች) መቆም ያለበት በተከላካዩና በሚይዘው ሰው መካከል፣ ኳሷ በምታልፍበት መስመር ላይ ነው። ሰውዬውን በጀርባው ይጋርደዋል፤ በየሁለት ሦስት ሰከንዱ አንገቱን አዙሮ የት እንደደረሰ ያያል። ኳሷ ወደ መስመር ስትወጣ ደግሞ ተከትሏት አይሮጥም፤ ፈጥኖ ተመልሶ በሰውዬውና በራሱ ግብ መካከል ይገባል።

የሚበላሸው በትንሽ ነገር ነው። ኳሷን ብቻ ካየ ሰውዬው ከጀርባው ሁለት ሜትር ፈቀቅ ይላል፤ ለፒርሎ ዓይነቱ ይህ ከበቂ በላይ ነው። በጣም ከተጠጋው በአንድ ንክኪ ዞሮበት ይሄዳል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ግለት ይዞት ብቻውን ተከላካዩ ላይ መሮጥ ነው። አማካዮቹ አብረውት ካልወጡ ከኋላው ሰፊ ሜዳ ይከፈታል፤ ተመልካች "እንዴት ይሮጣል!" እያለ ሲያጨበጭብ ቡድኑ ተሰንጥቋል።

ከተጋጣሚ ኳስ በተነጠቀ ቁጥር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ያዡ ነጻ ይሆናል፣ ተያዡ መሮጥ አለበት። ፒርሎ ወደ ኋላ በመሮጥ የሚታወቅ ተጫዋች አልነበረም። ፓርክ በኦልድ ትራፎርዱ 4 ለ 0 ከፖል ስኮልስ የተቀበለውን ኳስ ሲያስቆጥር ያየሁት ይህንኑ ነው፤ የመያዙ ሥራና ግቡ የአንድ ሥራ ሁለት ጫፍ ናቸው። ፒርሎ ያልተቀበላት ኳስ ግን ሰንጠረዥ ላይ አትመዘገብም፣ የፋንታሲ ነጥብም የላትም።

ይኸው ፓርክ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2008፣ በሻምፒዮንስ ሊጉ ከሮማና ከባርሴሎና ጋር በተደረጉት አራቱም የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ተሰልፎ ነበር። ሞስኮ ላይ ለፍጻሜው ግን ተቀያሪ ወንበር ላይ እንኳ አልነበረም። ይህን ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ከቦታው ውጭ ተሰልፎ የሠራ ሌላው ሁለገብ ተጫዋች የሊቨርፑሉ ጀምስ ሚልነር ነው። በ2016/17 አሰልጣኙ የርገን ክሎፕ ቀኝ እግሩን የሚጠቀመውን አማካይ ሙሉ የውድድር ዘመን የግራ ተመላላሽ (የግራ መስመር ተከላካይ) አደረጉት። 36 የሊግ ጨዋታ ተጫወተ፣ 7 ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ፣ ሊቨርፑልም 4ኛ ሆኖ ሻምፒዮንስ ሊግ ገባ። ዋጋ አልነበረውም ማለት አይደለም። ቀኝ እግር በግራ መስመር ሲሆን ኳስ ለማሻማት መልሶ ወደ ቀኝ እግር ማምጣት ያስፈልጋል፤ በዚያች አንድ ሰከንድ የተጋጣሚ ተከላካዮች ቦታቸውን ይይዛሉ። ከፊቱ የሚጫወተው ፊሊፔ ኩቲንሆም ከግራ ወደ መሀል የሚገባ ስለነበረ መስመሩ ብዙ ጊዜ ባዶ ይቀር ነበር። ሚልነር ይህን ጉድለት የሸፈነው ቦታ ባለመልቀቅ ነው። በቀጣዩ ዓመት ወደ አማካይ ተመልሶ በሻምፒዮንስ ሊጉ ብቻ 9 ግብ የሆኑ ኳሶችን አቀበለ።

አሰልጣኞች ሁለገብ ተጫዋችን የሚያበላሹት በራሱ ችሎታ ነው። "የትም ይጫወታል" ይሉና ሰኞ ቀኝ፣ ረቡዕ መሀል፣ ቅዳሜ ግራ ያሰልፉታል። እግሩ ሳይሆን ዓይኑ ነው የሚደናገረው። የግራ ተመላላሽ ጀርባውን ለመስመሩ ሰጥቶ ሜዳውን በአንድ በኩል ያያል፤ አማካይ ግን ከአራቱም አቅጣጫ ይመጣበታል። ስለዚህ አንድ ዋና ቦታና አንድ ተጠባባቂ ቦታ ይበቃል። ተጠባባቂውንም በየሳምንቱ ለ15 ደቂቃ ያህል፣ ከጎኑ ከሚሰለፉት ልጆች ጋር ማለማመድ ያስፈልጋል። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ስሕተቱ በእሱ ስም ይጻፋል።

ሁለገብ ተጫዋችን በሮጠው ኪሎ ሜትር ብቻም አትመዝኑት። ቦታውን የሳተ ተጫዋችም ስሕተቱን ለማረም ብዙ ይሮጣል። ቡድኑ ኳስ ባጣባት ቅጽበት የመጀመሪያዎቹን ሦስት እርምጃዎች ወዴት እንደሚያደርግ እዩ። ቴሌቪዥን ኳሷን ስለሚከተል ግማሹን ጊዜ ከስክሪኑ ውጭ ነው፤ ስታዲየም ከገባችሁ ከፍ ያለውን መቀመጫ ያዙ፣ ለአምስት ደቂቃ እሱን ብቻ ተከታተሉ።