ኮርቬት ፍለጋ፦ ከቀለሙ በፊት ሻንሲውን

ከአሜሪካ የድሮ የስፖርት መኪኖች ሁሉ ልቤን የወሰደው የ1972ቱ ኮርቬት ነው። ሦስተኛው ትውልድ የሚባለው ኮርቬት ከ1968 እስከ 1982 ተመርቷል፤ እኔ ግን 1972ን የሙጥኝ ያልኩት በምክንያት ነው። ከፊትም ከኋላም የክሮም ፓራውልት የነበረው የመጨረሻው ዓመት እሱ ነው። በ1973 የፊተኛው፣ በ1974 ደግሞ የኋለኛው በፕላስቲክ ተተካ። ተነቅሎ የሚወጣው የኋላ መስታወትም ከ1972 በኋላ ቀርቷል። «ይህ ምን ለውጥ ያመጣል?» ለሚለኝ ሰው መልስ የለኝም፤ የፍቅር ነገር ነው።

የጉልበቱ ቁጥር ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። የ1971 መደበኛ ሞተር 270 የፈረስ ጉልበት አለው ሲባል የ1972ቱ 200 ብቻ ይላል። ልዩነቱ በአብዛኛው የመጣው ከአለካኩ ነው። ቀድሞ ሞተሩ ብቻውን፣ ያለ ማርሚታና ያለ ሌሎች ሸክሞች ይለካ ነበር፤ በ1972 መኪናው ላይ በሚሠራበት ሁኔታ መለካት ተጀመረ። በዚህ ምክንያት 1972ን የሚያጣጥል ሻጭ ካጋጠማችሁ አታርሙት፤ ዋጋውን ብቻ ጠይቁት።

ብዙ ገዢ ገደል የሚገባው «ኮርቬት ፋይበር ግላስ ስለሆነ አይዝግም» በሚለው ወሬ ነው። አካሉ በእርግጥ አይዝግም። ከሥሩ ያለው ሻንሲ፣ ማለትም መኪናውን የሚሸከመው መሠረት፣ እንዲሁም በፊት መስታወቱና በበሮቹ ዙሪያ የተሠራው የውስጥ አጽም ግን ብረት ነው። በሰሜን ግዛቶች ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው እዚያ ገብቶ ይበላዋል፤ ላዩ ግን እንደ ሙሽራ ያምራል። ስለዚህ እዚህ ቨርጂኒያ ለዓመታት የጭነት መኪና ሲጠግኑ የኖሩ የአገር ቤት መካኒክ አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ያየነው ቀይ ኮርቬት ቀለሙ ፊት ያሳይ ነበር። ሻጩ ስለ ቀለሙ ሲያወራ ጋሼ ካርቶን አንጥፈው ከሥሩ ገቡ። ትንሽ ቆይተው «ልጄ፣ ና እስኪ ይህን በጣትህ ንካው» አሉኝ። ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት፣ ሻንሲው ወደ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ ጭቃና ጨው ይጠራቀማል፤ የነካሁት ብረት እንደ ድርቆሽ ቅርፊት ተላጠ። ሻጩን አመስግነን ወጣን። ቀለም በገንዘብ ይቀባል፤ ያን ሻንሲ ለመቀየር ግን አካሉን በሙሉ ከላዩ ማንሳት ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ የትኛውንም መኪና የማየው በአንድ ቅደም ተከተል ሆነ። መጀመሪያ ከሥር፤ ቀጥሎ በእግር መርገጫው ጎን ያለውን መሸፈኛ አስፈትቼ አጽሙን በመብራት፤ ከዚያ የፊት መስታወቱን የታች ማዕዘኖች። በሩ ሲከፈት ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ማጠፊያው ብቻ ሳይሆን አጽሙም ዝጎ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ የኋላ ጎማውን በክሪክ አንስቶ መነቅነቅ፤ ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው፣ ሥራውም ርካሽ አይደለም። ሻጩንም አስቀድሜ ስልክ ደውዬ «እባክዎ ሞተሩን ሳያስነሱ ይጠብቁኝ» እላለሁ። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል፤ በብርድ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ የሚተፋው ግን ዘይት እያቃጠለ ነው።

የሞተር ቁጥር ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። የ1972 ሻንሲ ቁጥር አምስተኛ ቦታ ላይ ያለችው ፊደል ፋብሪካው የገጠመውን ሞተር ትናገራለች፤ በሞተሩ ላይም በተሳፋሪው በኩል ካለው ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ፊት የዚሁ ሻንሲ ቁጥር መጨረሻ ተመትቷል። ሁለቱ ከገጠሙ ዋጋው ይሰቀላል። ለዚህም ሲሉ ብረቱን ፍቀው አዲስ ቁጥር የሚመቱ ሰዎች አሉ። በፋብሪካ የተላገው ብረት ላይ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ይታያሉ፤ ቦታው ለስላሳ ከሆነ ተጠራጠሩ። እኔ ግን ይህን ሁሉ ከተማርኩ በኋላ ቁጥሩ የማይገጥም መኪና አውቄ ፈለግሁ። ሰብሳቢ ለቁጥሩ ይከፍላል፤ እኔ የምፈልገው እሑድ ጠዋት የምነዳውን ነው።

እንዲህ ያለውን ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንድ አዛውንት ጋ አገኘሁት። ሞተሩ በ1980ዎቹ እንደተቀየረ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፤ ደረሰኞቹንም በዓመተ ምሕረት ደርድረው አሳዩኝ። ቀለሙ ደብዝዟል፣ የወንበሩ ቆዳ ተሰነጣጥቋል፣ ሻንሲው ግን ጤነኛ ነው። 23 ሺህ ዶላር ብለው ነበር። እኔም እንደ መርካቶ ክርክር አልጀመርኩም፤ ጎማዎቹ ላይ የምርት ጊዜን የሚያሳዩትን አራት አኃዞች አነበብኩላቸው፣ በፍሬኑ በኩል ያለውን እርጥበት አሳየኋቸው። ኮርቬት ለረጅም ጊዜ ሲቆም የፍሬን ሲሊንደሩ ግድግዳ እየዛገ ዘይት ማፍሰሱ የታወቀ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ውስጡ በማይዝግ ብረት የተለበጠ ካሊፐር (የፍሬን ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል) ነው። እርሳቸውም ወረቀት አውጥተው ደመሩ፤ በ19 ሺህ ተስማማን።

ቨርጂኒያ ውስጥ 25 ዓመት የሞላው መኪና የጥንታዊ መኪና ሰሌዳ ማውጣት ይችላል፤ ሥራ ለመመላለስ ግን አይፈቀድም፣ ሌላ መኪና ሊኖራችሁ ይገባል። ኢንሹራንሱንም በስምምነት ዋጋ፣ ማለትም ከኩባንያው ጋር አስቀድማችሁ በተስማማችሁበት የመኪናው ዋጋ ግቡ፤ በተራው የኢንሹራንስ ስሌት የሃምሳ ዓመት መኪና ዋጋው ከእርጅናው ጋር አብሮ ይወርዳል።

ጎማዎቹንና ካሊፐሮቹን ለውጬ ጨርሻለሁ። ፓውዛዎቹ ከተደበቁበት የሚነሱት በቫኪዩም (ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው ኃይል) ስለሆነ የግራው ከቀኙ ዘግይቶ ይከፈታል። አንዱ ቱቦ አየር እያስገባ ነው፤ ጋሼ ቅዳሜ ሊፈልጉልኝ ቀጠሮ ይዘናል።