በልጉ

ባለፈው እሁድ ማታ ወንድሜ ከአሜሪካ ደወለ። ሰላምታችን ሳያልቅ ስልኩን ለልጁ ሰጣት። አስራ አንድ ዓመቷ ነው። አማርኛዋ እንደ ድሮ የገጠር አውቶቡስ ነው፤ ይንገጫገጫል፣ ግን ያደርሳል።

"አጎቴ፣ በልጉ ማለት ምንድን ነው?"

ትምህርት ቤት የቤተሰባችሁን ስም አጣርታችሁ ኑ ተብለዋል። ከየት መጣ፣ ምን ማለት ነው፣ ስንት ሰው ይጠራበታል። አንድ የክፍሏ ልጅ ስሟን በላቲን ፊደል ተጽፎ አይቶ "ከቤልጂየም ነው የመጣችሁት?" ብሏታል። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ነገ ተነገ ወዲያ አጣርቼ እነግርሻለሁ ብዬ ዘጋሁት።

በልጉ አያቴ ናቸው። ሰው ናቸው እንጂ የቤተሰብ ስም አይደሉም። እኔ አለሁ፣ አባቴ ሰይድ አለ፣ ከዚያ በልጉ። እኛ አገር ስም እንደ ታክሲ ሰልፍ ነው፤ አንዱ ከኋላ ሲሰለፍ ከፊት ያለው ገብቶ ይሄዳል። ወንድሜ ልጅ ሲወልድ በልጉ ተራቸው ደርሶ መሄድ ነበረባቸው። የልጅቷ ስም በእኛ አቆጣጠር ሰይድ ላይ ያበቃል። ግን ወንድሜ ያኔ የቪዛ ቅጽ ሲሞላ "የቤተሰብ ስም" የሚል ሳጥን ገጠመው። ምን ይጻፍ? ሦስተኛውን ጻፈ። በዚያው ቀረ። አሁን ሚስቱም፣ ልጆቹም፣ የመብራት ቢሉም በልጉ ነው። ሽማግሌው ደሴ አጠገብ ካለችው ኩታበር ርቀው ሄደው አያውቁም፤ ስማቸው አሜሪካ የፖስታ ሳጥን ላይ ተለጥፏል።

አንድ ጠበቃ ጓደኛ አለኝ። ይህን ስነግረው የነገረኝ ነገር አስገረመኝ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 32 ላይ፣ እያንዳንዱ ሰው ከራሱና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም አለው ይላል። ስድሳ ምናምን ዓመት ሆነው ማለት ነው። ደሴ ላይ "የቤተ ዘመድ ስምህ ማን ነው?" ብዬ ብጠይቅ ሰው አሞኛል ብሎ ጠበል ወይ ሼህ ዘንድ ነው የሚወስደኝ።

ስንት ሰው ይጠራበታል ለሚለው ጥያቄ መጀመሪያ ስልኬን ከፈትኩ። አራት ዝናቡ አለኝ። ሁለት ጥጋቡ፣ አንድ ንጋቱ። ፌስቡክ ላይም ፈለግኩ፤ ዝናቡ እንደ ዝናብ ነው የሚወርደው። በልጉ ግን የእኛው ሰዎች ብቻ ወጡ። ያውም ግማሾቹ ፎቶ የሌላቸው።

ትርጉሙማ ግልጽ ነው። በልግ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚዘንበው። መጨረሻው ላይ ያለችው "ኡ" ደግሞ ዝናቡና ጥጋቡ ላይ ያለችው ናት፤ ያ የምናውቀው፣ ያ የጠበቅነው የምትል። ግን ይህን ለአስራ አንድ ዓመት ልጅ እንዴት ትነግራታለህ? የዝናብ ስም ነው ብትላት ዝናብ ብቻ ይመስላታል። የወሎ ደጋ ሰው በልግን እንዲህ አያየውም። ገብሱ በበልግ ተዘርቶ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይደርሳል። ያ ጊዜ ጎተራው የሚራቆትበት ነው። የመኸሩ እህል ገና ነው። ክረምቱ ገብቷል፣ ብርድ ነው፣ ልጅ ይርበዋል። በልጉ ከያዘ ያቺን ቀዳዳ ይደፍናታል። ከከዳ ደግሞ በሬ ይሸጣል። በሬ ከተሸጠ የሚቀጥለው እርሻም አደጋ ላይ ነው።

አባቴን ጠየቅኩት። አጭር ነው መልሱ፤ "በልጉ የያዘ ዓመት ስለተወለዱ ነው" አለኝ። አባቴ ሁሉንም ነገር እንዲህ ነው የሚያሳምረው። ስለዚህ ቅዳሜ ኩታበር ወጣሁ፣ አክስቴ ዘንድ።

አክስቴ ቡናው አቦል ላይ ሳለ ምንም አልተነፈሱም። ቶና ላይ ስለ ጉልበታቸው ሕመም አወሩ። በረካው ሲቀዳ "ማን ነው ጠያቂው?" አሉኝ። የወንድሜ ልጅ ናት አልኳቸው።

"አብሽር፣ ትጠይቅ" አሉ። "በልግማ ነበር። የዛን ዓመት በበልግ የተወለደ ሌላ ልጅ የለም እንዴ? ሁሉም በልጉ ተባለ?"

እውነት ነው። ይህን አላሰብኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው አሉ። የአያቴ አባት ገብሬ ክርስቲያን ነበሩ። እናቲቱ እስላም። ወሎ ላይ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ተጋብተው፣ ሁለቱም በየእምነታቸው ኖረው ነው። ጣጣው ልጁ ሲወለድ መጣ። የአባት ወገን በክርስትና ስም ይጠራ አለ። የእናት ወገን እንድሪስ ይባል አለ። ሰው አኮረፈ። ልጁ ስም ሳይወጣለት ሰነበተ፤ "ህፃኑ፣ ህፃኑ" ሲባል ቆየ። ውጭ ደግሞ በልጉ ያለማቋረጥ ይዘንባል፤ ባለፈው ዓመት ከድቷቸው ስለነበር ሰው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው። አንድ ቀን እናቲቱ ሲሰለቻቸው "በልጉ በሉት፤ እሱ የማንም አይደለም" አሉ።

ይህን ሲነግሩኝ አክስቴ ራሳቸው ሳቁ። እኔ የአባቴን ትቼ የእሳቸውን ነው ያመንኩት። ኩርፊያ ያለበት ታሪክ ይበልጥ እውነት ይመስለኛል።

ያኔ ነው ቁጭ ብዬ የስማችንን ሰንሰለት ያየሁት። ሰይድ በልጉ ገብሬ። የማያውቅ ሰው ስህተት አለበት ይላል። አዲስ አበባ ስማር አንድ የቢሮ ሠራተኛ "አባትህ ሰይድ፣ ቅድመ አያትህ ገብሬ? አጣርተህ ጻፍ እንጂ" ብሎ ቅጼን መልሶልኛል። እኛ ጋ እኮ ይህ ከላይ ጀምሮ ነው። ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም የሃይማኖት ጉባኤ ከተደረገ በኋላ የወሎው መሐመድ አሊ ክርስትና ተነስተው ሚካኤል ተባሉ። የራሳቸው ስም ተቀየረ፣ የአባታቸው ግን ያው ነው። ራስ ሚካኤል አሊ። የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። በኋላ ንጉሥ ሚካኤል ሲሆኑም አሊ ከኋላቸው አለ። አባት አይጠመቅ ነገር።

ደግሞ የመጣውንም ስም የእኛው አፍ ነው የሚያሸው። ኢድሪስ ሲመጣ ን ጨመርንበት፣ እንድሪስ ሆነ። ኢማም ይማም ሆነ። አህመድ አመዴ፣ ፋጢማ ፋጡማ። ስሙን የያዘው ሰው ራሱ መስጊድ ይሂድ ቤተ ክርስቲያን ስሙን ብቻ ሰምተህ ብትወራረድ ገንዘብህን ታጣለህ።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ በድምፅ መልእክት ላክሁላት። ስድስት ደቂቃ ከምናምን። ወንድሜ "ረጅም ነው፤ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው" ብሎ ጻፈልኝ። ቆይቶ እሷ ራሷ መለሰች። ሁለት ነገር ነው የጠየቀችኝ። የልጁ እናት ስማቸው ማን ነበር? ደግሞስ በልግ ምን ይመስላል፣ ፎቶ አለህ?

የመጀመሪያውን አክስቴም አያውቁትም። "እናቴ" እያሉ ነበር አባባ የሚጠሯቸው አሉ። ስማቸውን የሚይዝ ሰልፍ አልነበራቸውም።

ለፎቶው ማሳው ዳር ወረድኩ። ሚያዝያ ነው፣ ገብሱ አረንጓዴ ነው፣ ጉልበቴ ድረስ እንኳ አልደረሰም። ጭቃ ነው። ሦስት አራት አነሳሁ። አክስቴ ከደጃፍ ሆነው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አዩኝ።

"አሁን ምኑ ይነሳል?" ብለው ጮኹብኝ። "እሸት እንኳ አልሆነ! ሰኔ ላይ ና!"