ፈቃድ የሚለምን ጠላት

ጌታ ይመስገን። ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። እንደ እኔ ሌሊት በፍርሃት የሚነቃ ሰው ካለ ግን ዝም ማለቴ ልክ አይሆንም።

3 ዓመት ሙሉ መብራት አጥፍቼ ተኝቼ አላውቅም ነበር። ነገሩ የጀመረው አንድ ሌሊት ነው። ነቃሁ። ዓይኔ ተከፍቷል፣ ክፍሉን አያለሁ፣ ሰውነቴ ግን አይንቀሳቀስም። ደረቴ ላይ ከባድ ነገር ተጭኖኛል። በሩ አጠገብ የሆነ ሰው የቆመ ይመስለኛል። «በኢየሱስ ስም» ልል እሞክራለሁ፣ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ምናልባት ደቂቃም አልሞላ ይሆናል። ለእኔ ግን የማይነጋ ሌሊት ነበር።

ከዚያ በኋላ ተመላለሰብኝ። ሐኪም ዘንድም ሄጄ ነበር። አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ጡንቻዎች ገና በሕልም ሰዓት እንዳሉ ታስረው ሊቆዩ እንደሚችሉ፣ ብዙ ሰው ላይ እንደሚደርስ፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት እንደሚያባብሱት አስረዳኝ። አመንኩት፣ ዛሬም አምነዋለሁ። ፍርሃቴ ግን ንቅንቅ አላለም። ጠላት በየትም ቀዳዳ ይምጣ፣ እኔን የያዘኝ በፍርሃቱ ነበር።

ጸሎቴ ሁሉ ስለ ሰይጣን ሆነ። ከመተኛቴ በፊት በየክፍሉ እየዞርኩ እገሥጻለሁ። በሩን፣ መስኮቱን፣ አልጋውን። አንድ ቃል የዘለልኩ ከመሰለኝ ከመጀመሪያው እደግመዋለሁ። አንድ ሰዓት ጸልዬ ስነሣ ጌታን አንዴ እንኳ «አመሰግንሃለሁ» ሳልለው ቀርቻለሁ። ትጋት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ማታ የ6 ዓመት ልጄ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ፣ «እማዬ፣ ሰይጣን የሚኖረው እኛ ቤት ነው?» አለኝ።

የምመልሰው ጠፋኝ። ልጄ ማታ ማታ ከአፌ የሚሰማው የማንን ስም እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

በማግስቱ አክስቴ ጋ ሄድኩ። በጸሎት ያረጀች ሴት ናት። አብራኝ ትገሥጽልኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ መነጽሯን አድርጋ ማርቆስ ምዕራፍ 5ን ገለጠችና «አንብቢው» አለችኝ። ሌጌዎን የሚባሉ ብዙ አጋንንት ያደሩበት ሰው ታሪክ ነው። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ልቤ ውስጥ የቀረው ግን የተበጣጠሰው ሰንሰለትና በመቃብር መካከል የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነበር። አክስቴ በጣቷ አንድ ቁጥር ላይ አስቆመችኝ።

«እዚህ ጋ የሚለምነው ማነው?»

«አጋንንቱ።»

«ምን ብለው?»

«ወደ እሪያዎቹ ስደደን ብለው።»

«አየሽ ልጄ፣ ያን ሁሉ ሆነው እሪያ ውስጥ ለመግባት እንኳ ፈቃድ ለመኑ። አንቺ ደግሞ በደሙ የተገዛሽ ነሽ።»

የእሪያው መንጋ 2,000 ያህል ነበር ይላል ቃሉ። ያን ሁሉ እሪያ ወደ ባሕር የነዳ ኃይል ኢየሱስ ፊት ሲቆም ለማኝ ነበር። ይህን እንዴት ሳላይ ኖርኩ?

«ስሙን መጥራት ሲያቅተኝስ?» አልኳት። ትልቁ ስጋቴ እሱ ነበር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 በኢየሱስ ስም ክፉ መንፈስ ሊያወጡ የሞከሩትን የአስቄዋን 7 ልጆች አስታወሰችኝ። እነሱ ስሙን አጥርተው ጠሩት፣ ግን ቆስለው ራቁታቸውን ሸሹ። «ስሙን እንጂ ባለቤቱን አያውቁትም ነበር» አለችኝ። «አንቺን ግን እሱ ያውቅሻል። ምላስሽ ቢታሰር እሱ አይታሰርም።»

ከዚያ ጸለየችልኝ። አጭር ነበር። ሰይጣንን አንዴም አላነሣችም። «አባት ሆይ፣ ልጅህ በሰላም ትተኛ» አለች፣ በቃ።

ከዚያ ወዲያ አልመጣብኝም ብል ደስ ባለኝ። መጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌሊት ነቃሁ፤ ያው ክብደት፣ ያው የታሰረ ምላስ። ልቤ መምታት ጀመረ። የዚያን ጊዜ ግን አልታገልኩም። በልቤ «አባቴ፣ አለህ» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። በሩ ላይ የነበረውን ነገር ለማየትም አልሞከርኩም። ትንሿ ጣቴ ተንቀሳቀሰች፣ ከዚያ እጄ ተፈታ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘልዬ ተነሥቼ ቤቱን ስዞር አነጋ ነበር። ያን ሌሊት ጎኔን ቀይሬ ተኛሁ። ስነቃ ነግቷል።

ከዚያ በኋላም ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቶብኛል። አሁን ካየሁት ቆየሁ። እኔ የለመንኩት መጫኑ እንዲቀርልኝ ነበር፤ ጌታ ግን መጀመሪያ ፍርሃቱን ወሰደልኝ። እየሱስ «መናፍስት ተገዙልን» ብለው በደስታ ለተመለሱት ደቀ መዛሙርት የነገራቸውን አሁን በደንብ እረዳዋለሁ። ስማችሁ በሰማያት ስለ ተጻፈ ደስ ይበላችሁ ነው ያላቸው። ጠላት የለም አልልም። ጴጥሮስ እንደሚያገሣ አንበሳ ይዞራል ብሏልና ንቁ ነኝ። ግን የማታ ጸሎቴን ከእንግዲህ ለእሱ አልሰጠውም።

አሁን ከልጄ ጋር አብረን ነው የምንጸልየው። የዋለበትን ሁሉ ለጌታ ይነግረዋል፤ ስለ ኳሱ፣ ስለተጣላው ጓደኛው። ባለፈው ሳምንት «አሜን» ብሎ ተነሣና፣ ሳልነግረው፣ ሄዶ መብራቱን አጠፋው።