መግዛቱን ማንም ይገዛል፤ ቤታችንን ያቆመው መሸጡ ነው

የምንኖረው ወሎ፣ ቃሉ ወረዳ ውስጥ፣ በኮምቦልቻና በሐርቡ መሃል ነው። ሥራችን ከብት ማድለብ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ "ያው ከአያት ከቅድመ አያት የወረስከው ነው አይደል?" ይለኛል። ከብት እንኳ አልወረስኩም። እኛ ቤት መንጋ ከአባት ወደ ልጅ ሳይጎድል ተሻግሮ አያውቅም። የወረስኩት ነገር ቢኖር መቼ እንደሚሸጥ ማወቅን ነው።

ነገሩ ከክፉ ቀን ይጀምራል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ደስታ የሚባል የከብት ወረርሽኝ ገብቶ የአገሩን ከብት ጨረሰው። ገበሬው በሬ አጥቶ መሬቱን በዶማ ቆፈረ። የእኛም በረት አብሮ ባዶ ቀረ። ከዚያ በኋላ በረታችን የገባችው ላም የሰው ነበረች፣ የርቢ። ጥጃ ሲወለድ ከባለቤቷ ጋር ይካፈላሉ። ቅድመ አያቴ ጥማድ በሬ ያገኙት እንዲህ በግማሽ ግማሽ ተንፏቅቀው ነው።

አያቴ ደግሞ ገበያ ወዳድ ነበሩ። እርሻ ሲያልቅ ያረጀ በሬ ርካሽ ይሆናል፤ ለበጋው ቀለብ የሚሳሳ ሰው ያወጣዋል። እሳቸው ገዝተው የማሽላ አገዳ እየመገቡ ለበዓል ያደርሱታል። ለከብት ፍቅር የለውም ተብለው ታምተዋል። ሐሜቱ ብዙም አልቆየም። በ1966ቱ ረሃብ በሬውን እስከ መጨረሻው ይዞ የቆየ ሰው ምን እንደደረሰበት አይተው ነበር። ዝናብ ሲጠፋ እህል ይወደዳል፣ ከብት ይረክሳል። ሁሉም በአንድ ቀን ሻጭ ይሆናል፤ ገዢ የለም። ስለዚህ በ1976 በልጉ ሲቀር አልጠበቁም። ጥማዳቸውንና አንዲት ላም አስቀርተው ሌላውን ሸጡ፣ በገንዘቡ ማሽላ ሸመቱ። 1977 የሆነውን ወሎ ለወሎ አይነግረውም።

እኔ ኮምቦልቻ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ደመወዙ ወር አላደርስ ሲል ወደ አባዬ በረት ተመለስኩ። በጥቂት ወይፈኖች ነው የጀመርነው። መጀመሪያ ያደረግኩት የበዓሉን ቀን ይዞ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። አንድ ሰንጋ በደንብ ለመድለብ ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ወሎ ደግሞ ገበያው የሁለት ሃይማኖት ነው። በሁዳዴ 55 ቀን የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሲዘጋ የእስላሙ ክፍት ነው። በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12፣ አረፋ ግንቦት 29 ዋሉ። ጥር ላይ አንድ ዙር፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ሌላ ዙር ያስገባ ሰው ሁለቱንም ይደርስባቸዋል። አረፋ ግን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ስለሚቀድም ያምናውን ቀን ይዞ የሚጠብቅ ይሞኛል።

ግዢው ሰኞ ባቲ ገበያ ነው። የአፋሩም፣ የኦሮሞውም፣ የአማራውም ከብት እዚያ ይገናኛል። እኔ ሥጋ ያለው በሬ አልገዛም፤ ለሥጋው አስቀድሞ የከፈለለት ሌላ ሰው አለ። የምፈልገው ከሲታ ነው፤ ግን ደረተ ሰፊ፣ ጀርባው ረጅም፣ ጥርሱ ደህና። ከአገጩ ሥር ያበጠውን እንዳልነካ ያስተማሩኝ አባዬ ናቸው። ብዙ ጊዜ የጉበት ትል ነው። በተለይ ቦርከና ወንዝ ዳር ረግረጉ ላይ ሲግጥ የከረመ ከብት ከሆነ ደላላው ምንም ቢምል አይሰማም። የገዛሁትን ወዲያው ከሌላው አልቀላቅልም። የትል መድኃኒት ይወስዳል፤ ለአባ ሰንጋና ለጎሮርሳ ይከተባል።

ቀለብ ላይ ከአባዬ ጋር ብዙ ተከራክረናል። እሳቸው አገዳና አተላ ይበቃል ባይ ናቸው። እኔ ጭዱን በዩሪያ ማዳበሪያ ማከም ጀመርኩ። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ጭዱ ላይ ይረጭና ጉድጓድ ውስጥ ተጠቅጥቆ በላስቲክ ይታፈናል፤ 21 ቀን። ጉድጓዱ ሲከፈት ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። አባዬ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው "እንኳን በሬ ሰይጣንም አይቀርበው!" አሉ። አናፍሰን፣ ካልታከመው ጋር እያደባለቅን ስናለማምዳቸው ግን ጠርገው በሉት። ዩሪያው በደረቁ ከተላሰ መርዝ ስለሆነ ከረጢቱ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ፋጉሎና ፉርሽካም (የዘይትና የዱቄት ተረፈ ምርት) ቢሆን ቀስ እያለ ነው የሚጨመረው። በአንድ ቀን ጠግቦ እንዲበላ የተለቀቀ በሬ ሆዱ ተነፍቶ ያድራል።

በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ አባዬ "ሽጥ" አሉኝ።

"አባዬ፣ ገና አልደለቡም እኮ። አንቱም እያዩት?"

"የሚደልብ በሬና የሚሸሽ ሰው አብረው አይሄዱም።"

ተከራክረን ግማሹን ሸጥን። ትርፍ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ እንዲያውም ከስረናል። ከቀሩት ከብቶች መልሰን ያገኘነው የለም። ከሸሸንበት ስንመለስ ሥራውን ያስጀመረን ያ የኪሳራ ገንዘብ ነው።

አሁን ደብተሩን የምትይዘው ታናሽ እህቴ ናት። የበሬው መልክ፣ የተገዛበት ዋጋ፣ በየሳምንቱ የበላው ይጻፋል። የሚሸጥበት ቀን ግን በተገዛበት ማታ ነው የሚጻፈው። ዋጋ ትንሽ ይጨምር ይሆናል ብዬ ሳመነታ ገጹን ታሳየኛለች። ቀኑ ካለፈ በኋላ ብዙ እየበላ ትንሽ ነው የሚጨምረው፤ ሒሳቡን ከሠራችሁት ከኪሳችሁ እየመገባችሁት ነው። አባዬ ማንበብ ባይችሉም ሰኞ ወደ ባቲ ከመውረዳችን በፊት "አንብቢልኝ" ይሏታል። ዘንድሮ ፋጉሎ ስለተወደደ ለአረፋ የምናስገባውን ቁጥር ቀንሰናል። በረት የሚገባው የከመርነው አገዳ ያህል ብቻ ነው።