አሰልጣኙ በር ላይ ቆሞ ነበር

አሜሪካ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሯጮችን ቡድን በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ቻፕሌን፣ ማለትም የቡድን መንፈሳዊ አገልጋይ፣ ይሉናል። አገልግሎቱ የቆየ ነው፤ የክርስቲያን አትሌቶች ኅብረት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። እኔም ለወጣት ወንጌል ከመናገር የሚበልጥ ደስታ የለኝም።

በአንድ ውድድር ዋዜማ ልጆቹን ሆቴል ሰብስቤ ቃል አካፈልኩ። "መውጣት የሚፈልግ ይችላል" አልኩ። ማንም አልወጣም። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት አውቶቡስ ልንሳፈር ስንል አንዲት ሯጭ ጠጋ አለችኝ። ወላጆቿ የወሎ ሰዎች ናቸው፣ ሙስሊም ናት። ብቻችንን ስንሆን በአማርኛ ነው የምናወራው።

"ጋሼ፣ ትናንት መውጣት ይቻላል ብለው ነበር።"

"አዎ፣ የኔ ልጅ።"

"አሰልጣኙ እኮ በር ላይ ቆሞ ነበር።"

ሌላ አልጨመረችም። ማን እንደሚሮጥ የሚወስነው እሱ ነው። ስኮላርሺፗ ሲታደስም የእሱ ቃል አለበት። ታዲያ እሱ እያየ ማን ብድግ ብሎ ይወጣል? ይህን ሳላስብ መቅረቴ እስካሁን ያመኛል።

ለአሰልጣኙ ስነግረው ከፋው። ቅን አማኝ ነው። እ.ኤ.አ. የ2022ቱን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ አነሳልኝ፤ ከጨዋታ በኋላ ሜዳ መሀል ይጸልይ ለነበረ የዋሽንግተን ግዛት የሁለተኛ ደረጃ አሰልጣኝ የተፈረደለትን። ግን ለሰውየው የተፈረደለት ለራሱ ጸሎት ነው። ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000፣ በአንድ የቴክሳስ ትምህርት ቤት ከጨዋታ በፊት ስለሚደረግ ጸሎት በቀረበለት ጉዳይ፣ ተጫዋቾችና የሙዚቃ ጓድ ሜዳው ላይ መገኘት ግዴታቸው ስለሆነ ጸሎቱን በምርጫቸው ነው የሚካፈሉት ማለት አይቻልም ብሏል።

እኔን የያዘኝ ግን ዮሐንስ 6፥67 ነው። ብዙዎች ትተውት ሲሄዱ ጌታ አሥራ ሁለቱን "እናንተ ደግሞ ልትሄዱ ትወዳላችሁን?" አላቸው። በሩን አልዘጋባቸውም።

ከዚያ ወዲህ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱን ማክሰኞ ማታ አደረግነው፣ ከግቢ ውጭ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን። አሰልጣኙ አይመጣም፤ ስምም አይያዝም። መጀመሪያ ሳምንት የመጡት አራት ናቸው። እነዚያ አራቱ ግን ሆቴል ውስጥ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቁኝ። አንዱ አባቱን ይቅር ማለት እንዳቃተው ነገረን። እስከ ሌሊት ቆየን።

ከወር በኋላ ያቺ ልጅ ቅልጥሟ ተሰነጠቀ። አንድ ማክሰኞ በክራንች መጥታ ጥናቱ እስኪያልቅ ውጭ ጠበቀችኝ።

"ጋሼ፣ ዘንድሮ እንደማልሮጥ ለእማማ እንዴት ልንገራት?"

ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ስልክ ስትደውል ክራንቾቿን ያዝኩላት።